ገመዱን የያዘው ሰው፦ ስለ ባለቤቱ አስተሳሰብና ስለ ውሻ ሥልጠና ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጅማ ውስጥ ውሻ የሚያሳድጉ ሰዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች እዚህ ተሰብስበዋል። አብዛኞቹ ስለ ውሻው የተጠየቁ ይመስላሉ፤ መልሱ ግን ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ገመዱን ከያዘው ሰው ነው።

ውሻ የባለቤቱን ስሜት ያውቃል የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው፤ ሐሳብዎን ግን አያነብም። የሚያነበው ሐሳብዎ በእጅዎ፣ በድምፅዎ፣ በአተነፋፈስዎና በላብዎ ላይ የሚያደርገውን ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 ቤልፋስት ባለው ክዊንስ ዩኒቨርሲቲ በተደረገ ሙከራ፣ ሰዎች ከባድ ሒሳብ እንዲሠሩ ከመታዘዛቸው በፊትና በኋላ የላብና የትንፋሽ ናሙና ተወሰደ። 4 ውሾች አሽትተው የተጨነቀውን ሰው ናሙና ከመቶ 94 ያህሉን ጊዜ ለይተው አወጡ። እ.ኤ.አ. በ2019 ደግሞ ስዊድን ውስጥ ሊንሾፒንግ ዩኒቨርሲቲ የ58 ውሾችንና የባለቤቶቻቸውን ፀጉር መርምሮ ነበር። ኮርቲሶል የተባለው የጭንቀት ሆርሞን በባለቤቱ ፀጉር ላይ ከፍ ሲል በውሻውም ላይ ከፍ ብሎ ተገኝቷል።

ስለዚህ «ረጋ በሉ» የሚለው ምክር ብቻውን ፋይዳ የለውም። ሰው በትእዛዝ አይረጋጋም። እጁን የት እንደሚያደርግ፣ ቃሉን ስንት ጊዜ እንደሚናገርና መቼ እንደሚያቆም ግን በትእዛዝ ሊያስተካክል ይችላል።

ንዴቴ ወይም ፍርሃቴ ወደ ውሻው የሚሄደው በምን በኩል ነው?

ከሁሉ በፊት በገመዱ። ሰው ሲጨነቅ ሳይታወቀው ገመዱን በእጁ ላይ አንድ ዙር ይጠመጥምና ያሳጥረዋል። ባጃጅ ብቅ ሲል ገመዱ ይወጠራል፤ የአንገት ማሰሪያው ጉሮሮውን ይይዘዋል። ውሻው የሚማረው «ባጃጅ ሲመጣ አንገቴ ይታነቃል» የሚለውን ነው። ይህ በተደጋገመ ቁጥር እየባሰ ይሄድና፣ ባጃጁን ገና ሳያየው ገመዱ ስለተወጠረ ብቻ መጮህ ይጀምራል። ባለቤቱ ደግሞ «ድሮም ባጃጅ አይወድም ብያለሁ» ይላል።

መፍትሔው እጅ ላይ ነው። 2 ሜትር ያህል ገመድ ይያዙ፤ ጫፉ ላይ የእጅ መያዣ ቀለበት ይሥሩለት። ገመዱን የያዘውን እጅ እምብርትዎ ላይ አስደግፈው ያቆዩት፤ እጁ እዚያ ካለ ሳይታወቅዎ መሳብ ይቸግርዎታል። ገመዱ በሁለታችሁ መካከል እንደ ልብስ ማስጫ ገመድ ረገብ ብሎ መታየት አለበት። ማርገብ ካቃተዎት ቦታው ለሁለታችሁም ቀርቧል ማለት ነው፤ ከአስፋልቱ 15 ወይም 20 ሜትር ራቁና ከዚያ ይጀምሩ። አጂፕ አካባቢ በገበያ ቀን አይጀመርም። ጠዋት ማለዳ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ያለ ኮብልስቶን ላይ ይሻላል።

ሁለተኛው ድምፅ ነው። «ተቀመጥ፣ ተቀመጥ፣ ተቀመጥ እንጂ፣ ተቀመጥ አልኩህ!» ያለ ሰው ውሻውን ያስተማረው በአራተኛው ጥሪ እንዲቀመጥ ነው። ቃሉን አንድ ጊዜ ይናገሩ፤ ከዚያ በልብዎ እስከ 5 ይቁጠሩ። ካልተቀመጠ ሁለተኛ አይናገሩ፤ በእጅ ምልክት ያግዙት ወይም ሥራውን ያቅልሉለት። አመስጋኝ ቃል በደረቅ ድምፅ መናገርም አይሠራም። እ.ኤ.አ. በ2016 ቡዳፔስት ውስጥ 13 ውሾች የአንጎል ምስል በሚያነሳ መሣሪያ ውስጥ ተኝተው ሲታዩ፣ የአንጎላቸው የደስታ ክፍል በደንብ የነቃው ቃሉም ቅላፄውም የምስጋና ሲሆን ነው። ጥርስን ነክሶ «ጎበዝ» ማለት ውሻው ዘንድ ጎዶሎ ነው።

ሦስተኛው ጊዜ ነው፤ ብዙ ሰው የሚወድቀውም እዚህ ላይ ነው። ሽልማት ውሻው ትክክለኛውን ነገር ባደረገ በ1 ሰከንድ ውስጥ መድረስ አለበት። የተናደደ ሰው ዓይኑ ጥፋት ይጠብቃል፤ ውሻው ለ2 ሰከንድ ተቀምጦ ሲነሣ መቀመጡን ሳይሆን መነሣቱን ያያል። ሽልማቱ አመለጠ፣ ቁጣው በሰዓቱ ደረሰ።

ጌታው ማን እንደሆነ ካላሳየሁት ይንቀኝ የለም?

ይህ አስተሳሰብ የመጣው ከተኩላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1947 ሩዶልፍ ሼንክል የተባለ ተመራማሪ ባዝል በሚገኝ የእንስሳት ማቆያ ውስጥ የነበሩ ተኩላዎችን ተመልክቶ የበላይነት ትግል እንዳለ ጻፈ። እነዚያ ግን በግድ አንድ አጥር ውስጥ የገቡ ተኩላዎች ነበሩ። ሐሳቡን እ.ኤ.አ. በ1970 ካስፋፉት አንዱ የሆነው የተኩላ ተመራማሪ ዴቪድ ሜክ ራሱ በዱር ያሉትን ለዓመታት ከተከታተለ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1999 አስተካከለው፦ የተኩላ መንጋ በአብዛኛው አባት፣ እናትና ልጆቻቸው ናቸው።

ችግሩ እምነቱ ባለቤቱን የሚያደርገው ነገር ነው። ውሻው ቀድሞ በር ቢወጣ «ናቀኝ» ይላል፤ ወንበር ላይ ቢተኛ «ሊገዛኝ ነው» ይላል። ቀድሞ የሚወጣው ግን ደጁ ስለሚስበው፣ ወንበሩ ላይ የሚተኛውም ስለሚሞቀው ነው። በር ላይ እንዲጠብቅ ከፈለጉ በሩን 5 ሳንቲ ሜትር ይክፈቱ፤ ሊገፋ ሲመጣ በዝግታ ይዝጉት፤ ወደ ኋላ ሲል መልሰው ይክፈቱ። ብዙ ውሻ በ10 ወይም በ15 ሙከራ ይገባዋል። ፉክክር የለበትም።

ትእዛዙን ያውቀዋል፤ እልኸኛ ሆኖ ነው እንጂ።

ይፈትሹት። ሳሎን ውስጥ 10 ጊዜ፣ ግቢ ውስጥ 10 ጊዜ፣ ከበር ውጭ 10 ጊዜ፣ ቃሉን አንድ አንድ ጊዜ ብቻ እየተናገሩ ይሞክሩ። በሦስቱም ቦታ 8 እና ከዚያ በላይ ካገኘ ያውቀዋል። ሳሎን 9፣ ግቢ 5፣ ደጅ 1 ከሆነ የሚያውቀው «ሳሎን ውስጥ መቀመጥን» ነው። ውሻ የተማረውን ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ በቀላሉ አያሻግርም፤ በየቦታው ከመጀመሪያው መጀመር አለበት፤ በየቦታውም እየፈጠነ ይሄዳል።

አካልዎንም ይፈትሹ። ወንበር ላይ ተቀምጠው ወይም ጀርባዎን ሰጥተው «ተቀመጥ» ይበሉት። ግራ ከተጋባ የተማረው ቃሉን ሳይሆን ጎንበስ ማለትዎን ነው። «እልኸኛ» የሚለው ቃል አደጋው አንዴ ከተባለ ባለቤቱ ፍተሻውን ማቆሙ ነው።

ጥፋቱን እኮ ያውቃል! ስገባ ዓይኑን ይሰብራል፣ ጆሮውን ይጥላል።

እ.ኤ.አ. በ2009 ኒው ዮርክ ውስጥ የውሻ ጠባይ ተመራማሪዋ አሌክሳንድራ ሆሮዊትዝ በ14 ውሾች ይህንኑ ሞክራለች። የተከለከለውን ምግብ የበሉም ያልበሉም ውሾች ነበሩ፤ ለባለቤቶቹ የሚነገረው ግን አንዳንዴ ሐሰት ነበር። ዓይን መስበሩ የበዛው ባለቤቱ ሲቆጣ ነው፤ ውሻው ምግቡን በላም አልበላም። ያ መልክ የጥፋተኝነት ሳይሆን «ቁጣ መጣ፣ እባክህ» የማለት ነው። ከሁለት ሰዓት በፊት ለተቀደደ ጫማ ሲቆጡት የሚማረው የእርስዎን መግባት መፍራት ነው። ጫማውን ከፍ አድርገው ያስቀምጡ፤ የሚያኝከው አጥንት ይስጡት። የተቀቀለ አጥንት ግን አይሁን፤ ይሰነጠቅና አንጀት ይወጋል።

ትንሽ ካልተመታ ይማራል?

ይማራል። እ.ኤ.አ. በ2020 ፖርቱጋል ውስጥ በ92 ውሾች ላይ የወጣ ጥናት በቅጣት የሚሠለጥኑት በሥልጠና ሰዓት የበለጠ የጭንቀት ምልክት እንዳሳዩ፣ በምራቃቸው ያለው ኮርቲሶልም ከፍ ብሎ እንደነበር አሳይቷል። ዱላ ጥፋቱን ሳይሆን ማስጠንቀቂያውን ያጠፋል። ሲያጉረመርም የተመታ ውሻ ማጉረምረሙን ይተውና ሳያስጠነቅቅ ይነክሳል።

ከሥራ ደክሜ፣ ተናድጄ ስገባ ላሠልጥነው ወይስ ልተወው?

ንዴትዎ ከአስር ሰባትና ከዚያ በላይ ከሆነ ይተዉት። አንድ ቀን ሳይሠለጥን ያደረ ውሻ ምንም አይጎድልበትም። ከዚያ በታች ከሆነ ግን ይህን ይከተሉ፦ 15 ቁራጭ ሽልማት ቆጥረው ኪስዎ ይክተቱ፤ ውሻው ጋ ሳይደርሱ ቆመው 5 ጊዜ በአፍንጫ አስገብተው ቀስ ብለው ይተንፍሱ፤ ዛሬ የሚያሠለጥኑትን አንድ ነገር ብቻ ይምረጡ። ከዚያ አምስት አምስት እያደረጉ ይሞክሩ። ከ5 ሁሉንም ካገኘ ጥቂት ያክብዱበት፤ 3 ወይም 4 ካገኘ እንዳለ ይድገሙት፤ 2 እና ከዚያ በታች ከሆነ ያቅልሉት። 15ቱ ቁራጭ ሲያልቅ ሥልጠናው አለቀ፤ ከ5 ደቂቃ አያልፍም። በቀን 2 ወይም 3 ጊዜ ይበቃል።

ይህ ቁጥር ውሳኔውን ከስሜትዎ ይወስድልዎታል፤ «አንድ ጊዜ ካላገኘ አልለቀውም» የሚለው እልህ ቦታ ያጣል። ጫት የሚቅሙ ከሆነ ደግሞ ሥልጠናውን ከመቃምዎ በፊት ያድርጉት። ምርቃና ላይ ያለ ሰው 5ቱን ደቂቃ 40 ያደርገዋል፤ ምርቃናው ሲወርድ ትዕግሥቱም አብሮ ይወርዳል።

ራስዎን ለማየት ስልክዎን ድንጋይ ላይ አስደግፈው 2 ደቂቃ ይቅረጹ። ሲያዩት ሦስት ነገር ይቁጠሩ፦ ስንት ትእዛዝ ሁለት ጊዜ ተናገሩ፣ ገመዱ ስንት ጊዜ ተወጠረ፣ ስንት ጊዜ ሸለሙ። ሽልማቱ በደቂቃ ከ5 በታች ከሆነ ለጀማሪ ውሻ አንሷል።

እቤታችን እኔ አማርኛ፣ ባለቤቴ ኦሮምኛ፣ ልጆቹ ሁለቱንም ይናገራሉ። ውሻው ግራ ይጋባል?

በቋንቋ ብዛት ሳይሆን በስምምነት ማጣት ይጋባል። አንዱ «ና»፣ ሌላው «ኮቱ»፣ ሦስተኛው በፉጨት ቢጠራው ሦስቱንም ሊማር ይችላል፤ ግን እያንዳንዱ ለየብቻው መሠልጠን አለበት። አንድ ቃል ለአንድ ነገር መርጦ ወረቀት ላይ ጽፎ ወጥ ቤቱ በር ላይ መለጠፉ ይቀላል። ሠራተኛዋና ዘበኛውም ይወቁት።

አማርኛ ሁለት የራሱ ወጥመድ አለው። አንደኛው ጾታ ነው፦ ለወንዱ «ተቀመጥ»፣ ለሴቷ «ተቀመጪ»። ሰው ሲቆጣ ወይም ሲያቆላምጥ ወንዱን «ነይ» ይለዋል፤ ለእኛ ፍቅር ነው፣ ለእሱ ሌላ ድምፅ ነው። አንዱን ይዘው አይልቀቁ። ሁለተኛው «ና» ራሱ ነው። ቤት ውስጥ «ና» ልጅ ይጠራበታል፣ ባለሱቅ ይጠራበታል፤ ውሻው ቀኑን ሙሉ ለማንም የማይሆን «ና» ይሰማል። ቃሉ ጆሮው ላይ ይደክማል። ለመጥሪያ ሰው ለሰው የማይጠቀምበትን ነገር ይምረጡ፤ ሁለት አጭር ፉጨት ጥሩ ነው። ፉጨት ሌላም ጥቅም አለው፦ ንዴት በቃል ላይ እንደሚሰማው በፉጨት ላይ አይሰማም።

መጥሪያውን ለቁጣ፣ ለእጥበትና ለማሰር አይጠቀሙበት። ማሰር ካለብዎ ራስዎ ሄደው ይያዙት። ሲጠሩት ሮጦ መጥቶ ሰንሰለት የጠበቀው ውሻ በሚቀጥለው ጊዜ 10 ሜትር ላይ ቆሞ ያይዎታል፤ እሱም የተማረውን እያደረገ ነው።

ምራቁ እንዲነካኝ አልፈልግም። በእጄ ሳላጎርሰው ማሠልጠን እችላለሁ?

ይችላሉ፤ በሃይማኖት ምክንያት ብዙ ቤተሰብ ይህን ይጠይቃል። ሽልማቱን ከፊቱ መሬት ላይ ይጣሉለት ወይም ረጅም እጀታ ባለው የእንጨት ማንኪያ ያቅርቡለት። መወርወር ጥቅምም አለው፤ ውሻው ሰው ላይ መዝለልን አይለምድም። ሊያስተውሉት የሚገባው ሌላ ነው፦ ውሻው ሲጠጋ ደንገጥ ብሎ እጅን መሰብሰብ። እሱን ጨዋታ አድርጎ ይወስደዋል ወይም ይፈራል። እጅዎን አጣጥፈው ቆመው፣ አራቱም እግሩ መሬት ሲነካ ይጣሉለት።

ለጥበቃ ነው የምፈልገው። ለማዳ ካደረግኩት ማን ይፈራዋል?

እዚህ ላይ የባለቤቱ አስተሳሰብ ከሁሉም በላይ ያበላሻል። ሰው እንዳያይ ተደብቆ ያደገ፣ ቀን ቀን አጭር ሰንሰለት ላይ የዋለ ውሻ ደፋር አይሆንም፤ ፈሪ ይሆናል። ፈሪ ውሻ ሌባና ወተት አምጪ አይለይም። ቆጣሪ አንባቢውን፣ የጎረቤት ልጅን ይነክሳል፤ ቆርጦ የመጣ ሌባ ሥጋ ሲወረውርለት ደግሞ ዝም ይላል።

ቡችላ ዓለምን በቀላሉ የሚለምድበት ጊዜ ከ3ኛው ሳምንት እስከ 14ኛው ሳምንት አካባቢ ነው። በዚያ ጊዜ ጃንጥላ የያዘ ሰው፣ ባርኔጣ ያደረገ፣ ልጅ፣ ሽማግሌ፣ ባጃጅ፣ ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ዝናብ፣ ሁሉንም ከሩቅና ከምግብ ጋር ይወቅ። ጅማ ላይ ዝናቡን ለማለማመድ የሚቸገር የለም። እንዲህ ያደገ ውሻ ጤናማው ነገር ምን እንደሚመስል ስለሚያውቅ ሌሊት አጥር የሚዘለውን ይለየዋል። ለጥበቃ የሚያስፈልገው መጮህ እንጂ መንከስ አይደለም፤ ሌባን የሚመልሰው ጩኸቱና የእርስዎ መብራት መብራቱ ነው። ለንክሻው ተጠያቂው ደግሞ እርስዎ ነዎት። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2071 እንስሳው በድንገት አምልጦ ቢሆንም፣ ጉዳቱ የማይጠበቅ ቢሆንም ባለቤቱን ኃላፊ ያደርገዋል።

ሌሊት ጅብ ሲመጣ ሳያቋርጥ ይጮሃል። በመስኮት «ዝም በል!» ብለው ይብስበታል።

እርስዎ ሲጮሁ ለእሱ አብረውት የጮሁ ነው የሚመስለው። ሥራውን በቀን ያለማምዱት። ሰው በር እንዲያንኳኳ ያድርጉ፤ 3 ወይም 4 ጊዜ ይጩህ። አጠገቡ ሄደው በዝቅተኛ ድምፅ አንድ ጊዜ «በቃ» ይበሉና ከበሩ በተቃራኒ በኩል 3 ቁራጭ መሬት ላይ ይበትኑ። አፍንጫው መሬት ላይ ሲሆን ጩኸቱ ይቆማል። ሳምንት ያህል ይህን ካደረጉ በኋላ «በቃ» ካሉ በኋላ 2 ሰከንድ ዝም ሲል ይበትኑ፤ ከዚያ 5፣ ከዚያ 10 ሰከንድ። በቀን ካልሠራ ሌሊት አይሠራም። በረንዳ ላይ ወይም የሚዘጋ ቤት ውስጥ ማሳደሩም ጩኸቱን ይቀንሳል። ጅብ በሚዞርበት ሰፈር ውሻን ደጅ በሰንሰለት አስሮ ማሳደር ግን ጅብ እንዲበላው መተው ነው፤ መሸሽ አይችልምና።

ለሽልማት ምን ልስጠው?

የተቀቀለ ሳንባ ወይም ጉበት፣ የሽምብራ ፍሬ አክሎ የተቆረጠ። ተራ ዳቦ ቆሎ፣ ጨውና በርበሬ ከሌለበት፣ ግቢ ውስጥ ለሚሠራ ቀላል ነገር ይሆናል። ትልቅ ቁራጭ አይስጡ፤ ሲያኝክ የሠራውን ይረሳል። የወጥ ትራፊ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ስላለበት ደሙን ይጎዳል። ጅማ ላይ ደግሞ ቡና አለ፦ ግቢ ለተሰጣ ቡናም ሆነ ከጀበና ለተደፋ አተላ ውሻ መድረስ የለበትም፤ ካፌይኑ ልቡን ያስመታል፣ ያንቀጠቅጠዋል።

ሦስት ቀን ጥሩ ሆኖ አራተኛው ቀን ባሰበት። ተስፋ ልቁረጥ?

አይቁረጡ። ምግብ ሲበሉ እየጮኸ ለሚያስቸግርዎት ውሻ ጉርሻ መስጠት ካቆሙ፣ ከመተዉ በፊት ጩኸቱ ይብሳል። ድሮ የሠራለት ነገር ስላልሠራ አጥብቆ እየሞከረ ነው። በዚያች ሰዓት «ለዛሬ ብቻ» ብለው አንድ ጉርሻ ከሰጡት፣ የተማረው አጥብቆ መጮህ እንደሚያዋጣ ነው። ቤት ውስጥ አንድ አዛኝ አያት ካሉ ችግሩ ከውሻው ጋር አይደለም፤ እሳቸው የሚሰጡት ድርሻ ከምግቡ ሰዓት በኋላ፣ በውሻው ሳህን ላይ እንዲሆን ይስማሙ።

የእኔ አስተሳሰብ ሳይሆን ሌላ ችግር መሆኑን በምን አውቃለሁ?

በድንገት ከተለወጠ። ተናክሶ የማያውቅ ውሻ ሲነኩት ካጉረመረመ፣ መቀመጥ የሚወድ ውሻ መቀመጥ ከጠላ፣ ሕመም ይጠርጥሩ፤ ዳሌ፣ ጥርስ፣ ጆሮ ያስመርምሩ። ከተማዋ ውስጥ በጅማ ዩኒቨርሲቲ ሥር የግብርናና የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ አለ፤ ሐኪም መጠየቅ ሩቅ አይደለም። ጠባዩ ተለውጦ ምራቁ ከተዝረከረከ፣ መዋጥ ካቃተው፣ ያገኘውን ሁሉ ከነከሰ ግን ሥልጠናም መጠጋትም የለም፤ የእብድ ውሻ በሽታ ሊሆን ስለሚችል ሰው ያርቁና ለእንስሳት ሐኪም ያሳውቁ። የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለ15 ደቂቃ ይጠብ፤ በዚያው ዕለት ጤና ተቋም ይሂድ። የራስዎ ውሻ በ3 ወሩ መከተብ፣ በየዓመቱም መደገም አለበት፤ የክትባት ካርዱን ትእዛዞቹ ከተጻፉበት ወረቀት አጠገብ ይለጥፉት።